የሎሚው ኩርባ ምስክር

የጡረተኞች የመማማሪያ ክበብ ያለው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሕንፃው ሊፍት የለውም። ቦታውን የመረጠው ሰው ወይ ጉልበቱን ታሞ አያውቅም፣ ወይ ሽማግሌ እንዳይማር አጥብቆ ይፈልጋል። አባላቱ ግን እልኸኞች ናቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ማስታወቂያው ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ነው፤ ከተለጠፈ አራት ዓመት አልፎታል። ሁሉም በቃላቸው ይዘውታል፣ ግን ዛሬም ያነቡታል።

ከደረጃው ራስ በስተቀኝ አንዲት ጠረጴዛ አለች። ላይዋ ላይ ስቴፕለር፣ ፐንች፣ አንድ እግሩ የወለቀ የቢሮ ደወልና «የጥናትና ምርምር ድጋፍ» የሚል የካርቶን ጽሑፍ ተደርድረዋል። ከጠረጴዛዋ ኋላ የሚቀመጡት እትዬ መዝገብ ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ይዘውት የወጡት ነገር ቢኖር ይህ ቅጽል ስም ነው። ሥራቸው ጥናት መሥራት የሚፈልገውን አባል መደገፍ ነው፤ መጽሐፍ ያፈላልጋሉ፣ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ የግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍ ያስተምራሉ። የቁልፍን ታሪክ ያጠኑት ልብስ ሰፊ፣ የከተማውን ጥርስ ሁሉ የመዘገቡት የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉም በእሳቸው ጠረጴዛ በኩል ነው ያለፉት።

ካለፉ በኋላ ግን ኮሚቴው አለ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው ፕሮፌሰሩ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛና በሙያቸው አዋላጅ የነበሩት ሲስተር። ከመሰብሰቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የሰቀሉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ምንጭ ያልተጠቀሰበት አረፍተ ነገር ሲያዩ ቀይ እርሳሳቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዝ ያደርጋሉ። የክበቡ ደንብ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ጥናት አራተኛ አይታይም።

እትዬ መዝገብን እንቅልፍ የነሳቸው የባላቸው ጥናት ነበር። ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ባላቸው አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሾፌር ናቸው። በደህናው ዘመን ቤት ሲገቡ ወሬያቸው ቀድሟቸው ነበር የሚገባው። እትዬ መዝገብ «አንተ ሰው፣ እባክህ ሞተሩን አጥፋው!» ያላሉበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ጡረታ መጣ፤ በዓመቱ ደግሞ በተራራው ሆድ ውስጥ ዋሻ ተቆፍሮ አዲሱ መንገድ ተከፈተ፣ ሃያ ሦስት ኩርባ ያለው አሮጌው መንገድም በድንጋይ ተዘጋ። ሾፌሩም አብረው ተዘጉ። መስኮት ሥር ወንበር አስጠግተው የሚያልፈውን መኪና ማየት ሆነ ሥራቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋቸው የምትወጣው አንዲት ቃል ናት፦ «በሁለተኛ ነበር።» ማርሽ ማለታቸው ነው። እትዬ መዝገብ መጀመሪያ እፎይ አሉ። በሁለተኛው ወር ግን ፈሩ። ያ ሁሉ ጫጫታ ለካ የቤታቸው ምሰሶ ኖሯል፤ ናፈቃቸው፣ አምርሮ ናፈቃቸው።

አንድ ቀን እትዬ መዝገብ ድንች ሲልጡ ሾፌሩ ድንገት «ይሄ ድንች ልክ እንደ ሬዲዮ ዝጋ ነው» አሉ።

«ምን አልክ?»

«አራተኛው ኩርባ። ሬዲዮ ዝጋ ነው የምንለው። እንዲህ ጎበጥ ይልና፣ እዚህ ጋ ድንገት ይሰበራል። ያን ስትይዢ ዘፈን አይሰማም።»

ለካስ ኩርባው ሁሉ ስም አለው። ሾፌሮች እርስ በርሳቸው ያወጡት ስም። ሚስቴን አደራ፣ ዝም በል፣ የሽንኩርቱ፣ አማት። እትዬ መዝገብ ቢላዋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ደብተር አመጡ። «ጻፈው» አሉ። «ይሄ ጥናት ነው። አንተና ጓደኞችህ ስታልፉ አብሮ የሚቀበር ነገር ነው።» ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ጻፉ። ከዚያ ለድሮ ጓደኞቻቸው መደወል ጀመሩ፤ ስልኩ ውስጥ ሲጮኹ ጎረቤት ይሰማል። ቤቱ ነፍስ ዘራ።

ኮሚቴው ግን በመጀመሪያው ዙር «ምንጭ የለውም» ብሎ መለሰው።

«ምንጩ እኔ ነኝ» አሉ ሾፌሩ።

«ሰው ለራሱ ምንጭ አይሆንም፣ ጌታዬ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

እሺ። እትዬ መዝገብ ወገባቸውን አሰሩ። ዘጠኝ ጡረተኛ ሾፌሮች ተፈልገው፣ ቃላቸው ተጽፎ፣ ፈርመው፣ ተቆጥሮ፣ ተበስቶ፣ ፋይል ውስጥ ገባ። የግርጌ ማስታወሻው ብዛት ከዋናው ጽሑፍ በለጠ። በሁለተኛው ዙር ዳኛውና ሲስተር ወደዱት። ፕሮፌሰሩ ግን ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ደርሰው ቀይ እርሳሳቸውን መዘዙ።

ዘጠነኛው ኩርባ የሎሚው ይባላል። ፕሮፌሰሩ ስለዚህ ስም በመጽሐፋቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፈዋል። ተራራው ላይ ዛሬ ከድንጋይና ከእሾህ በቀር ምንም የለም፤ እሳቸው ግን ከስሙ ተነስተው፣ በጥንት ዘመን ዳገቱ የሎሚ አትክልት እንደነበረበት፣ አየሩም የተለየ እንደነበረ፣ እንዲያውም ውሃ የሚጠለፍበት ቦይ ሳይኖር እንዳልቀረ አረጋግጠዋል። በዚህ ምዕራፍ ተጨብጭቦላቸዋል፣ ተሸልመውበታልም፤ ሽልማቱ በክበቡ መደርደሪያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የሾፌሩ ጥናት ደግሞ በሁለት መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዘጠነኛው የሎሚው የተባለው፣ አንድ ወጣት ተሳፋሪ እዚያ ክፉኛ አስመልሶት ሎሚ አሽትቶ ስለዳነ ነው። ከዚያ ወዲህ ረዳቶች እዚያ ሲደርሱ ‹ሎሚ አዘጋጁ!› እያሉ ይጮኹ ጀመር።»

«በታተመ መጽሐፍ የተረጋገጠ ነገር በአንድ ሰው ትውከት አይሻርም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዘጠነኛውን ያውጡትና የቀረውን እንቀበላለን።»

ሾፌሩ ፋይሉን አነሱ። «ሃያ ሁለት ኩርባ ያለው መንገድ አላውቅም። ዘጠነኛውን ዘሎ አሥረኛው የሚደርስ የለም። ገደል ነው የሚገባው።»

ቤት ሲደርሱ ወንበሩን ተመልሰው መስኮቱ ሥር አስጠጉ። «በሁለተኛ ነበር» እንኳ ማለት ተዉ። እትዬ መዝገብ ማታ ማታ ሳህን እያጠቡ ጀርባቸውን ያዩታል። ሦስተኛው ዙር ቢወድቅ ይህ ሰው ዳግም አይናገርም ብለው ነበር የሚያስቡት፣ አልተሳሳቱምም።

እግዜር ሲፈርድ ግን በሳጥን ነው። በዚያው ሰሞን ፕሮፌሰሩ የዕድሜ ልክ ወረቀታቸውን ለክበቡ አበረከቱ፤ አሥራ አንድ ካርቶን። «ለመጪው ትውልድ ነው፣ በጥንቃቄ ይደራጅልኝ» ብለው ለእትዬ መዝገብ አስረከቡ። እትዬ መዝገብ ደግሞ ወረቀት ሲሰጣቸው ዝም ብለው የሚደረድሩ ሰው አይደሉም፤ ያነባሉ። ሰባተኛው ካርቶን ሥር አንድ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አገኙ። ፕሮፌሰሩ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥናት ከከተማ ሲወጡ የያዙት ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«በጭነት መኪና ተጓዝኩ። መንገዱ መዞር ብቻ ነው። ዘጠነኛው ላይ በጣም አመመኝ። ባርኔጣዬ አይሆኑ ሆነ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሎሚ ሰጠኝ። እኔ መሆኔን ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት።»

እትዬ መዝገብ ተነስተው በሩን ዘጉ። ከዚያ በመሐረብ አፋቸውን አፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያ ሁሉ ጥንታዊ የሎሚ አትክልት፣ ያ ሁሉ ቦይ! ሰው የሚያፍርበትን ነገር እንዴት አድርጎ ይረሳዋል! ፕሮፌሰሩ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ከሾፌሮች ስም ሲለቅሙ፣ ከገዛ ጉዳቸው የወጣውን ስም ሰምተው በትልቁ መዝግበውታል።

ሳቁ ሲያልቅ ጭንቁ መጣ። ደብተሩን ኮሚቴው ፊት ቢያወጡት ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ግን ደብተሩ አደራ ነው፤ የአደራ ወረቀት ባለቤቱን ለማዋረድ አይወጣም። ለባላቸው ቢነግሩ ደግሞ አይሆንም ይላሉ፤ በሰው ላይ ማሳበቅ አይወዱም። እትዬ መዝገብ ሦስት ቀን አወጡ አወረዱ። በስብሰባው ቀን ጠዋት ደብተሩን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሠላሳ ሦስት ዓመትና ከዚያም ወዲህ አንድ ሰነድ ያለ ፊርማ ከእጃቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ነገሩ ከከፋ አወጣዋለሁ አሉ፤ ሲኦል የሚያስገባኝ ከሆነም፣ ሲኦልም መዝገብ ቤት ሳያስፈልገው አይቀርም።

መሰብሰቢያ ክፍሉ ውስጥ ፕሮፌሰሩ መሐል ተቀምጠዋል። ራሳቸው እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል፤ አንገታቸው ረጅምና ቀጭን ነው፣ ከሸሚዛቸው ኮሌታ ወጥቶ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ዳኛው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ሲስተር ሹራብ ይሠራሉ፤ ስብሰባ ላይ እጄ ሥራ ካልያዘ ጆሮዬ አይሰማም ባይ ናቸው። ሾፌሩ ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተሳፋሪ ቁጭ ብለዋል። እትዬ መዝገብ ከበሩ አጠገብ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው።

«እንግዲህ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «ዘጠነኛው ኩርባ አሁንም አልወጣም።»

«አልወጣም» አሉ ሾፌሩ።

«ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል። ይህ አስመለሰ የሚሉት ወጣት ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም። አፉ ሥራ ላይ ነበር።»

ሲስተር ሹራባቸው ላይ አጎንብሰው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ፕሮፌሰሩ ቀይ እርሳሱን መዘዙ። «ስም የለም፣ ምስክር የለም። ታዲያ በምን እንመን?»

«ሁኔታውን ልናገርና እናንተ ፍረዱ» አሉ ሾፌሩ። ድምፃቸው ተረጋግቷል፣ ቁልቁለት የሚይዝ ሰው ድምፅ ነው። «ቀጭን ልጅ ነበር። አንድ ሣጥን መጽሐፍ በገመድ አስሮ ጋቢና ውስጥ እግሩ መሐል አደረገ። ከኋላ ይጫን ብዬው እምቢ አለኝ። ሬዲዮ ዝጋ ላይ ፊቱ ነጣ። ዝም በል ላይ ላብ አጠመቀው። ዘጠነኛው ላይ መኪናውን ሳላቆም ባርኔጣውን አወለቀና…»

የፕሮፌሰሩ እርሳስ አየር ላይ ቀረ። እትዬ መዝገብ አዩዋቸው፤ ፊታቸው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ። ትዝ አላቸው! እትዬ መዝገብ የቦርሳቸውን ዚፕ ያዙ። አሁን እኔ ነበርኩ ይሉ ይሆን? አይሉም። ሰውዬው ጥርሳቸውን ገጥመው ጠረጴዛውን ያያሉ። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ማንኛውም ተሳፋሪ ሊሆን ይችላል» አሉ በቀስታ። «በቂ አይደለም።» እርሳሱ ወደ ወረቀቱ ወረደ።

ዚፑ ግማሽ ድረስ ተከፈተ።

«ገና አልጨረስኩም» አሉ ሾፌሩ። «ከዚያ ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ጡት ልጅ ‹እማዬ! ኧረ እማዬ!› እያለ አለቀሰ። ሳጉ ተራራውን ነው ያናወጠው። ንፍጡን እንኳ የጠረግኩለት…»

«ሐሰት ነው!» ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሱ። «እናቱን አልጠራም! አንድም እንባ አልወጣውም!»

የሲስተር መርፌ ቆመ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ፕሮፌሰሩ በሁለቱም ተመስክሮባቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ስህተት ሲያዩ ዝም ማለት ያልቻሉ ሰው፣ ይቺን አንዲት ስህተት ብቻ ቢያልፏት ኖሮ!

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። «ፕሮፌሰር፣ ይህን በምን አወቁ?»

«ከ… ከአጠቃላይ ሁኔታው። የተማረ ወጣት እንደዚያ አያደርግም።»

«ባርኔጣውስ ምን ዓይነት ነበር?» አሉ ሲስተር፣ ቀና ሳይሉ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት በሚያባብሉበት ድምፅ።

«ግራጫ» አሉ ፕሮፌሰሩ። ካሉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስለ ባርኔጣው ቀለም ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ሲስተር ሹራባቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ሳቁ። ዳኛው ለመኮሳተር ሞከሩ፣ ሃያ ዓመት ችሎት ላይ የረዳቸው ፊት ዛሬ ከዳቸው። ሾፌሩ ብቻ አልሳቁም። ተነስተው ከጠርሙሱ ውሃ ቀዱና ብርጭቆውን ፕሮፌሰሩ ፊት አስቀመጡ። «ይጠጡ፣ ፕሮፌሰር። ያ መንገድ ማንንም አይምርም። እኔንም በሦስተኛ ቀኔ አስመልሶኛል።»

ፕሮፌሰሩ ጠጡ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደው የገዛ መጽሐፋቸውን አወረዱ፣ የሎሚውን ምዕራፍ ገለጡ፣ አየት አየት አደረጉት። «ያን ሁሉ ዛፍ የተከልኩት እኔ ነኝ ለካ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን ነበረበት፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት አትክልት ነው። ግን ሰውዬው ግብዝ አልነበሩም። ቀይ እርሳሳቸውን አንስተው ከምዕራፉ ራስ እስከ ግርጌ አንድ መስመር አሰመሩበት። ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩት። «ነገርን ከሥሩ ብለን የለ! ጥናቱ አልፏል።»

አውቶቡስ ውስጥ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ መዝገብ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ናቸው።

«አንተ፣ እውነት እናቱን ጠርቶ ነበር?»

ሾፌሩ በመስኮቱ አዩ። «ኧረ ትንፍሽ አላለም። ጥርሱን ነክሶ ነው የቻለው። ጎበዝ ልጅ ነበር።»

«ዋሸህ!»

«ወረቀቱ ላይ አልዋሸሁም።»

«እና እሱ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ክበቡ ውስጥ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ። ያን አንገት ማን ይረሳል?»

«ሁለት ጊዜ ሲመልስህ ዝም አልክ? ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«እሱ መሆኑን ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬለት ነበራ። ሚስት ስትቀር አልተባለ።» ከዚያ ያ የድሮ ፈገግታቸው መጣ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ የሚሄደው። «ደግሞ እኔ መች ተናገርኩ? የተናገረው ራሱ ነው።»

እትዬ መዝገብ ፊታቸውን አዞሩ። ጉንጫቸው ጋለ። እኚህ ሰውዬ መሐላቸውን ይዘው ጥናታቸው ሦስተኛ ሊወድቅ ሲል እንኳ አልፈቱትም፤ እሳቸው ግን ዚፑን ግማሽ ድረስ ከፍተውት ነበር። የቦርሳውን ዚፕ ቀስ ብለው ዘጉና የባላቸውን እጅ ያዙ። ስለ ደብተሩ ግን አልነገሯቸውም፤ አንድ ቤት ሁለት ምስጢር ይችላል። በማግስቱ በማለዳ ወጥተው፣ የጃንጥላውን ማስታወቂያ እንኳ ሳያነቡ፣ ደብተሩን ሰባተኛው ካርቶን ውስጥ መልሰው «የግል፤ ባለቤቱ ሲጠይቅ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጠፉበት።

ያን ዕለት ግን፣ እጃቸውን እንደያዙ፣ አውቶቡሱ ዳገት ጀመረ። ሞተሩ አቃሰተ።

«ሁለተኛ!» ብለው ጮኹ ሾፌሩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። «ሁለተኛ አስገባ ወንድሜ! ይሄ ዳገት እኮ እንደ አማት ነው፣ በጉልበት አይሆንም!» ከዚያ ለፊተኛው ወንበር ተሳፋሪ ስለ አማት ማብራራት ጀመሩ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ አላቆሙም። እትዬ መዝገብ ሞተሩን አጥፋው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

የክበቡ መጽሔት ሲታተም የሾፌሩ ጥናት መጀመሪያው ገጽ ላይ ወጣ፣ ሃያ ሦስቱም ኩርባ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ሁሉ የጻፉት እትዬ መዝገብ ናቸው፣ ከአንዲት በስተቀር። ዘጠነኛውን ኩርባ የምትመለከተው በማተሚያው ዋዜማ፣ በቀይ እርሳስ ተጽፋ፣ በፖስታ ታሽጋ ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠች ናት። እንዲህ ትላለች፦ «የዓይን ምስክር፦ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ሎሚውን የተቀበለው እሱ ነው። እናቱን አልጠራም።»